ከቀነስን በኋላ ያሉትን ዓመታትም አስቡልን፦ ለውፍረት ሕክምና፣ ምርምርና ትምህርት ለሚሠሩ የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽኖች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ፣

ከሁሉ በፊት ምስጋና ይቅደም፣ ከልቤ ነው። ለካንሰር፣ ለልብ፣ ለኩላሊት ሲባል ሰው እጁን ይዘረጋል፣ ለውፍረት ሲባል ግን "አፋቸውን ቢይዙ አይሻልም ወይ" የሚለው ነው የሚበዛው፣ እና በዚህ መሃል ለኛ ብሎ ገንዘብ የሚያሰባስብ፣ ሐኪም የሚያሠለጥን፣ ተመራማሪ የሚደግፍ ድርጅት መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። እኔም በእንደዚህ አይነት ድጋፍ የታከምኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ የምጽፈውን ሁሉ እንደ ወቀሳ ሳይሆን ከውስጥ እንደመጣ ነገር ውሰዱልኝ።

አንድ ልመና ነው ያለኝ። ብዙ ጊዜ ገንዘብ የምትሰጡት ፕሮግራም ሦስት ወር ነው፣ ስድስት ወር ነው፣ ቢበዛ ዓመት ነው። መግቢያ ላይ እንመዘናለን፣ መውጫ ላይ እንመዘናለን፣ የቀነስነው ኪሎ ተደምሮ ሪፖርት ይሆናል፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ይጨበጨባል፣ ከዛ በቃ። ከባዱ ነገር የሚጀምረው ግን ልክ እዛ ላይ ነው፣ ሁሉም ሰው ተበትኖ እኛ ብቻችንን ስንቀር። የምለምናችሁ ገንዘባችሁን ከፍላችሁ፣ ቢቻል ግማሹን፣ ክብደት ከቀነሰ በኋላ ላሉት ዓመታት እንድትመድቡልን ነው። ሌላው የምጽፈው ሁሉ ለምን እንደዛ እንደምል ለማስረዳት ነው (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

የነገሩን ስፋት እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው በ2022 ከ8 ሰው አንዱ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረበት፣ አዋቂዎቹ ብቻ 890 ሚሊዮን፣ ከ5 እስከ 19 ዓመት ያሉት ደግሞ 160 ሚሊዮን። ይሄን ያህል ሕዝብ በአንዴ ሰነፍ ሆነ፣ በአንዴ ራሱን መግዛት አቃተው ብሎ ማሰብ አያስኬድም። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 በሽታ ነው ብሎ ተቀብሎታል። ግን በሽታ ነው እንላለን እንጂ ፕሮግራሞቻችን አሁንም የቅጣት ቅርፅ ነው ያላቸው፣ ለተወሰነ ጊዜ ተጨነቅ፣ ቀንስ፣ ከዛ በራስህ ጠብቀው። ደም ግፊት ያለበትን ሰው ስድስት ወር መድኃኒት ሰጥቶ፣ ግፊቱ ሲስተካከል አጨብጭቦ የሚያሰናብት ሐኪም አላየሁም። የስኳር ታማሚም ስኳሩ ስለወረደ "ተመርቀሃል" ተብሎ አይሸኝም።

አሁን ወደ ሰውነታችን ልግባ፣ ምክንያቱም የነገሩ ሥር እዛ ነው።

በ1994 የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ከስብ ሕዋስ የሚወጣ አንድ ሆርሞን አገኙ፣ ሌፕቲን ይባላል። ስብ ዝም ብሎ የተከማቸ ነገር ሳይሆን ለአንጎል "ስንቅ አለ፣ አትጨነቅ" እያለ መልእክት የሚልክ አካል መሆኑ ያኔ ነው ቁልጭ ብሎ የታየው። በ1999 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ከጨጓራ የሚወጣውንና ርሃብን የሚቀሰቅሰውን ግሬሊንን አገኙ። ሰው ሲቀንስ ምን ይሆናል? ሌፕቲኑ ይወርዳል፣ ግሬሊኑ ይወጣል፣ አንጎል ችግር ገባ ብሎ ያስባል፣ ርሃቡን ይጨምራል፣ ጥጋቡን ያዘገያል፣ የሚቃጠለውን ካሎሪ ይቆጥባል። ይሄ ሁሉ ሰውየው ሳያዝበት ነው የሚሆነው። እና ለአጭር ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥርስ ነክሶ ማለፍ ይቻል ነበር። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት 50 ሰዎችን ለ10 ሳምንት በጣም ዝቅተኛ ካሎሪ ባለው ምግብ አቆያቸው፣ በአማካይ ወደ 13 ኪሎ ተኩል ቀነሱ፣ ከዛ ከአንድ ዓመት በኋላ ደማቸው ሲመረመር የርሃብና የጥጋብ ሆርሞኖቻቸው ገና ወደ ቦታቸው አልተመለሱም፣ ርሃቡም ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። ከዓመት በኋላ! የኛ ፕሮግራሞች በዛን ጊዜ ተዘግተው ሪፖርታቸው ታትሞ አልቋል።

ሌላም አለ። አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን የሚተላለፍ የክብደት መቀነስ ውድድር ነበረ፣ ከተወዳዳሪዎቹ 14ቱን የተመራማሪው የኬቪን ሆል ቡድን ለስድስት ዓመት ተከታትሏቸው በ2016 ውጤቱ ወጣ። አብዛኞቹ ብዙውን መልሰው ጨምረዋል፣ ያ ብቻ ቢሆን አይገርምም፣ የሚያስደነግጠው ግን ሰውነታቸው በእረፍት ላይ እያለ የሚያቃጥለው ካሎሪ በዛ ክብደትና ዕድሜ ካለ ሰው ከሚጠበቀው በቀን በ500 ገደማ አንሶ መገኘቱ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ። እነዚህን ሰዎች "ለቀቅ አድርገውት ነው" ማለት ግፍ ነው።

ይሄ ሳይንስ ወደ ሰው ኑሮ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። እኔ የነበርኩበት ፕሮግራም ጥሩ ነበር፣ ሰዎቹ ደጎች ነበሩ፣ በደንብ ቀነስኩ። ሲያልቅ አንድ ወረቀት ሰጡንና ተለያየን። ከዛ ቀስ እያለ መመለስ ጀመረ፣ እኔም የተማርኩትን እያደረኩ ነበር፣ እና ለሌላ ጉዳይ አንድ ሕክምና ቦታ ስሄድ ሰውየው ካርዴን አገላብጦ "አንቺ ቀንሰሽ ነበር እኮ፣ ምን ነካሽ?" አለኝ። በክፋት እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን ከዛ በኋላ ረጅም ጊዜ ሐኪም ጋ አልሄድኩም፣ ግፊቴን የሚለካ የለም፣ ስኳሬን የሚያይ የለም፣ ምክንያቱም ሚዛን ላይ ልወጣ ነው ብዬ ሳስብ እግሬ አልታዘዝ ይለኛል። ብዙ ሰው እንደዚህ ነው የሚጠፋው። እናንተ ሪፖርት ላይ "ክትትል ያቋረጡ" ተብለው የሚጻፉት እኛ ነን፣ እና በኔ እምነት ከማንም በላይ ሕክምናው የሚያስፈልጋቸው እነሱ ናቸው፣ ግን ስልክ ደውሎ "እንዴት ነሽ፣ ቢጨምርም ነይ" የሚላቸው ሰው በጀት ውስጥ የለም። አንድ ደዋይ፣ አንድ ስልክ። ከሁሉም በላይ የምለምነው ምናልባት ይሄን ነው።

ስለ መድኃኒቶቹም ልበል፣ አሁን ወሬው ሁሉ እነሱ ስለሆኑ። ሴማግሉታይድ የሚባለው መርፌ በ2021 አሜሪካ ውስጥ ለክብደት ሕክምና ተፈቀደ፣ በዋናው ጥናት ላይ ሰዎቹ በ68 ሳምንት በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ገደማ ቀነሱ፣ ከዛ የመጣው ቲርዜፓታይድ ደግሞ በከፍተኛው መጠን 20 በመቶ አካባቢ ደርሷል። እነዚህ ቁጥሮች ከዚህ በፊት በመድኃኒት ታይተው አይታወቁም፣ እኔም ደስ ብሎኛል። በ2023 የታተመ ከ17 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ የልብ ሕመም ባለባቸው ወፍራም ሰዎች ላይ ሴማግሉታይድ ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክን)፣ ስትሮክንና በልብ ምክንያት መሞትን በአንድ ላይ ሲቆጠሩ በ20 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ግን መድኃኒቱን ያቆሙት ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታዩ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረው ነበር። ይሄን ያየ ሰው "እና ምን ዋጋ አለው" ይላል፣ እኔ ደግሞ የግፊት ኪኒን ሲቆም ግፊቱ ይመለስ የለም እንዴ እላለሁ። ስለዚህ የበጎ አድራጎት ገንዘብ ለሰው የስድስት ወር መርፌ ገዝቶ ከዛ ቢተወው ያ ሰው ምን ላይ እንደሚወድቅ አስቡ፣ ርሃቡ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ይመጣል፣ ጥፋቱ ደግሞ የሱ ይባላል። መድኃኒት የምትረዱ ከሆነ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ሲያልቅ ምን እንደሚሆን የሚናገር ዕቅድ ይኑር፣ ለሰውየውም ይነገረው። ሰው የሚወስነው አውቆ መሆን አለበት።

ረጅም ክትትል የሚያስፈልገው ለሌላም ምክንያት ነው። በ1990ዎቹ ፌንፍሉራሚን የሚባል የክብደት መቀነሻ ብዙ ሰው ይወስድ ነበር፣ የልብ ቫልቭ እንደሚጎዳ ሲታወቅ በ1997 ከገበያ ወጣ፣ ያኔ ግን ስንት ሰው ወስዶት ነበር። ወፍራም ሰው ተስፋ ስላለው የተሰጠውን ይወስዳል። ያንን ተስፋ የሚጠብቅ፣ ዓመታት ቆጥሮ ጉዳቱንም ጥቅሙንም የሚመዘግብ ወገን ያስፈልገናል።

የጨጓራ ቀዶ ሕክምናም እንደዛው ነው፣ ሰው ከቀዶው ቀን ጋር አብሮ የሚያልቅ ይመስለዋል። ከጨጓራ ማለፊያ ቀዶ (ምግቡ አብዛኛውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ዘሎ እንዲያልፍ የሚያደርገው) በኋላ ቢ12፣ አይረን፣ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየም ዕድሜ ልክ መወሰድና በደም ምርመራ መታየት አለባቸው፣ ካልታየ ደም ማነስም የነርቭ ጉዳትም ይመጣል፣ አልኮልም ከበፊቱ በፍጥነት ነው ደም ውስጥ የሚገባው፣ ይሄን ያልተነገረው ብዙ ነው። ቀዶው ሕይወት እንደሚያተርፍ ግን በእርግጠኝነት የምናውቀው አንድ ቡድን ለመጠበቅ ትዕግስት ስለነበረው ነው፣ ስዊድን ውስጥ በ1987 የተጀመረ ጥናት ቀዶ የተደረገላቸውን 2 ሺህ ያህል ሰዎች ካልተደረገላቸው ጋር እያነፃፀረ ቆይቶ በ2007 የሚሞቱት ቁጥር በቀዶው ወገን ማነሱን አሳየ። 20 ዓመት። በዓመት በጀት የሚሠራ ድርጅት ይሄን ማወቅ አይችልም ነበር።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፣ ምክንያቱም እስካሁን የጻፍኩት "ሁሉም ይመለሳል፣ ልፋቱ ከንቱ ነው" ብሎ የሚያስደምድም እንዳይሆን። አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ወደ ስኳር በሽታ እየተጠጉ የነበሩ 3,234 ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት በ2002 ሲወጣ ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ አሠልጣኝ የተመደበላቸው ሰዎች በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል፣ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት የተሰጣቸው ደግሞ በ31 በመቶ። ከዛ ክብደቱ? ብዙው ተመለሰ። በስኳር የመያዝ ዕድሉስ? ከ10 ዓመት በኋላም በ34 በመቶ ያነሰ ነበር። ማለትም ሚዛኑ ተመለሰ እንጂ ጥቅሙ በሙሉ አልጠፋም። ሪፖርታችሁ ኪሎ ብቻ የሚቆጥር ከሆነ ይሄን ሁሉ ሰው "አልተሳካለትም" ብሎ ነው የሚጽፈው፣ ሰውየውም ያንን አምኖ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ እባካችሁ ሌላም ነገር ቁጠሩ፣ እንቅልፉ ተስተካከለ ወይ፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ እንዴት ነው፣ ጉልበቱ፣ ስኳሩ፣ ግፊቱ፣ ሐኪም ጋ መምጣቱን ቀጠለ ወይ።

ቢኤምአይም፣ ማለትም ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ካሬ ተካፍሎ የሚመጣው ቁጥር፣ የዚሁ ታሪክ አካል ነው። ቀመሩን በ1830ዎቹ ያወጣው ኬትሌ የሚባል የቤልጂየም የሂሳብ ሰው ነው፣ ስለ ሕዝብ አማካይ ሊያጠና እንጂ አንድን ሰው ሊያክም አልነበረም። ስቡ የት እንዳለ አይናገርም፣ ጡንቻና ስብ አይለይም። በጥር 2025 የላንሴት ኮሚሽን የሚባለው የባለሙያዎች ስብስብ ሰውን በቢኤምአይ ብቻ በሽተኛ አትበሉ፣ ወገቡን ለኩ፣ ውፍረቱ ልቡን፣ ጉበቱን፣ መገጣጠሚያውን እየጎዳ መሆን አለመሆኑን እዩ አለ። ብዙ የድጋፍ ፎርም ግን አሁንም ቢኤምአይ 30 ወይ 35 ካልሆነ በር አይከፍትም፣ 29 የሆነና ስኳር ያለበት ውጪ ይቀራል። ይባስ ብሎ ደግሞ ሕክምናው ረድቶት ከ30 በታች የወረደ ሰው "አሁንማ አያስፈልግህም" ተብሎ ድጋፉ ይቋረጥበታል፣ ይሄ ሰውን ስለዳነ መቅጣት ነው።

ስለ ምርምር ብዙ አልልም፣ ሙያዬ አይደለም። አንድ ነገር ግን ይታየኛል፣ መድኃኒት ኩባንያዎች መድኃኒታቸው እንደሚሠራ ለማሳየት የሚያወጡት ገንዘብ አያንሳቸውም። እነሱ የማይጠይቁት ጥያቄ ነው ባለቤት ያጣው። መጠኑን ቀንሶ ማቆየት ይቻላል ወይ፣ ማቆም ያለበት ሰው እንዴት ቢያቆም ይሻላል፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሲቀንሱ ጡንቻቸው አብሮ እንዳይሄድ ምን ይደረግ፣ ስፔሻሊስት በሌለበት ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ብቻዋን ሰውን ለአምስት ዓመት እንዴት ትከታተል። በዘር የሚወረሰውን ለማወቅ የተደረጉት ትልልቅ ጥናቶችም በአብዛኛው አውሮፓዊ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው የተሠሩት፣ የሌላው ዓለም ሰው ጂን ገና በደንብ አልታየም። የበጎ አድራጎት ገንዘብ ትርፍ አይጠብቅም አይደል? እንግዲህ ትርፍ የሌለበት ጥያቄ ላይ ይዋል።

ትምህርት ስትሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየኝ እኛን ማስተማር ነው። ካሎሪ ምን እንደሆነ፣ መንቀሳቀስ ጥሩ እንደሆነ። እመኑኝ ወፍራም ሰው ይሄን ያውቃል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲነገረው ነው ያደገው። ትምህርቱ መጀመሪያ ለሐኪሙና ለነርሷ ይድረስ። ጆሮውን አሞት የሄደ ሰው "ክብደት ቀንስ" ተብሎ እንዳይመለስ፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፣ ኢንሱሊንና ስቴሮይድ ራሳቸው ክብደት እንደሚጨምሩ ሲያዝዙ እንዲያስቡበት። ሌላው ቀርቶ የግፊት መለኪያው ነገር፣ ወፍራም ክንድ ላይ ጠባቡ ሲታሰር ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ ነው የሚወጣው፣ እና ሰው የሌለበትን ግፊት ይታከማል። ሰፋ ያለው መለኪያ ውድ ዕቃ አይደለም። እጀታ የሌለው ጠንካራ ወንበር፣ ከፍ ያለ ክብደት የሚችል ሚዛን፣ ሚዛኑ ደግሞ ኮሪደር ላይ ሳይሆን በር ተዘግቶ። እነዚህ ነገሮች ምርቃት የሚደረግላቸው አይደሉም፣ ሪባን አይቆረጥላቸውም፣ ግን ሰው ተመልሶ እንዲመጣ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።

ለሕዝቡ በምታዘጋጁት ነገር ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ፦ "በፊት" እና "አሁን" የሚሉትን ፎቶዎች ተዉልን። ገንዘብ እንደሚያመጡ አውቃለሁ። ግን ፎቶው ላይ ያለችው ሴትዮ ከሦስት ዓመት በኋላ ስትጨምር ፎቶው አሁንም ግድግዳ ላይ አለ፣ እሷ ግን ወደዛ ቢሮ ዝር አትልም። ጭንቅላት የሌለው የሆድ ፎቶም እንደዛው፣ ሰው ነን፣ ፊት አለን። ሥራ ላይ ያለን፣ ልጅ የምናሳድግ፣ የምንስቅ ሰዎች ሆነን አሳዩን።

ስለ ገንዘብ ምንጭም ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። ከመድኃኒት ኩባንያም ከምግብና ከለስላሳ መጠጥ ኩባንያም የሚመጣ ልገሳ እንዳለ ይታወቃል፣ አትቀበሉ ማለት አልችልም፣ ያለሱ ብዙ ነገር ይዘጋል። ግን ከማን ስንት እንደመጣና ለምን እንደዋለ በግልጽ ይጻፍ፣ የሰጠው ወገን ምን እንደሚጠና እንዲወስን አይፈቀድ። እና ቦርዳችሁ ውስጥ ከውፍረት ጋር የሚኖር ሰው ይኑር፣ መድረክ ላይ ታሪኩን ተናግሮ የሚወርድ ሳይሆን ድምፅ የሚሰጥ፣ በጀት የሚያፀድቅ፣ ሲያስፈልግ አይሆንም የሚል። እና አንድ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፣ አንዱ የቀነሰ፣ አንዱ ቀንሶ የጨመረ፣ ምክንያቱም ሁለተኛው የሚያውቀውን የመጀመሪያው ገና አያውቀውም።

ሁሉንም በአንዴ አድርጉ አልልም። ለቀጣዩ የድጋፍ ጥሪያችሁ ፎርም ስታዘጋጁ ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ "ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ክብደቱ የተመለሰበትን ሰው ማን ነው የሚያገኘው፣ በየስንት ጊዜው፣ ገንዘቡስ ከየት ነው?" ይሄን መመለስ ያልቻለ አመልካች ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት አብራችሁት ተቀምጣችሁ መልሱን ፈልጉለት። መልሳችሁን በግልጽ ብታወጡት ደግሞ ክትትል አቋረጡ የተባልነው ሁሉ እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በፕሮግራማችሁ ከታከሙት አንዷ